ጠርዙ ያልተቆረጠው መጽሐፍ

«ይህን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ማንም አላነበበውም» አለ አባቷ፣ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያገላበጠ።

ነቁጥ የደብተር ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቀጥ አለች። «እንዴት አወቅክ?»

«ቅረቢና እይዋ።»

አባቷ ጠራዥ ነው። ከማተሚያ ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከካርቶን፣ ከክርና ከኮላ ጋር ሲታገል ይውላል። ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዞ የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ ሐኪም ቤት የመጣ ይመስል፣ «የት ጋ ነው ያመመው?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። አሁን ግን ቀልዱን ረስቶት ነበር። አውራ ጣቱን በገጾቹ ዳር ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

«መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ይታጠፋል፤ ደግሞ ይታጠፋል፤ ከዚያ ይሰፋል። በመጨረሻ ዳር ዳሩ መቁረጫ ማሽን ውስጥ ሲገባ ነው ገጾቹ የሚላቀቁት። ይሄኛው ማሽኑ ሳይነካው አምልጧል። አየሽ? የመጀመሪያዎቹን ገጾች የሆነ ሰው ከፍቷቸዋል፤ ከአሥራ ስድስተኛው ገጽ ወዲያ ግን ሁሉም እንደተያያዘ ነው።»

ነቁጥ ጣቷን በሁለት ቅጠሎች መካከል ሰደደች። እንደ ኪስ ሆኖ ተቀበላት፤ ከላይ ክፍት፣ ከጎን ድፍን። ውስጡ ፊደል አለ፤ አንገቱን ቆልምሞ በቀዳዳ የሚያጮልቅ ካልሆነ በቀር ግን ማንም ሊያነበው አይችልም።

«ሃያ ዓመት ስጠርዝ እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ ይሄ ሦስተኛዬ ነው» አለ አባቷ ደስ ብሎት። «ይሄ ሮማዊ ሰውዬ እዚህ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች ለጓደኛው ከጻፈ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይኸውልሽ፣ የሚከፍትለት አጥቶ ቁጭ ብሏል።»

ነቁጥ አልሳቀችም። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሁሉም ሬዲዮ በሚላት ጓደኛዋ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ነበር። ዘጠነኛው ተራ ቁጥር ላይ የዚሁ መጽሐፍ ርዕስ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ይህን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጨረሻው ላይ ሳያለቅስ የቀረ ሰው ካለ ይምጣና ያናግረኝ።»

ነቁጥ የሚለውን ስም ያወጣላት የማተሚያ ቤቱ ማሽኒስት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነጭ ወረቀት ክምር ላይ ቁጭ ብላ ሲያያት «ይቺን ነቁጥ ደግሞ ማን ጣላት?» ብሎ ሳቀ። ስሙ ከማተሚያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት ተከትሏት ሄደ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍሎች ሳይቀሩ ነቁጥ ነው የሚሏት። ሬዲዮ ግን ስሟን ያገኘችው በገዛ ላቧ ነው። ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ስትገባ ትከፈታለች፤ እስክትወጣ ድረስ ማንም አይዘጋትም።

ሁለቱን አንድ ሥራ ላይ ያገናኟቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ጸጥታ» ይላቸዋል፤ ከዚህ ቃል ሌላ ሲናገሩ የሰማቸው ጥቂት ስለሆነ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሥራ ሁለት የጥንት የግሪክና የሮም መጻሕፍት በትርጉም ለትምህርት ቤቱ አበርክተው ነበር። መጻሕፍቱ ለብቻቸው መደርደሪያ ተሰጣቸው። ከዚያ አቧራ ብቻ ነው የተዋሳቸው። ጋሽ ጸጥታ ነገሩ ቢከነክናቸው ነቁጥንና ሬዲዮን ጠርተው፣ ስድስት ስድስት መጽሐፍ አንብበው ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚታደል የንባብ ጥቆማ እንዲያዘጋጁ ጠየቋቸው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አራት አምስት መስመር፤ ስለ ምን እንደሆነና ለምን መነበብ እንዳለበት። ነቁጥን የመረጧት መጽሐፍ አዘግይታ መልሳ ስለማታውቅ ነው። ሬዲዮን ደግሞ፣ የሒሳብ መጽሐፍ እንኳ ብትተርክ እንደ ፊልም የሚያስመኝ አፍ ስላላት።

ችግሩ ነቁጥ ስታነብ ቀስ ማለቷ ነው። ከጦርነት ወደ ቤቱ ለመመለስ ዓመታት የፈጀበት የአንድ ባሕረኛ ታሪክ፣ ያም በግጥም የተጻፈው፣ ብቻውን ሦስት ሳምንት ወሰደባት። እናቷ ልብስ እያጠፈች በየቀኑ ትጠይቃት ነበር።

«ሰውዬው ቤቱ ገባ?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«ወይ ጉድ! ሚስቲቱስ እንዴት ቻለችው?»

ሁለት አሳዛኝ ተውኔቶችና አንድ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ጨምራ አራት ስታደርስ ቀኑ አለቀባት። የቀሯት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ስለ እርሻና ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ግጥም፣ ሌላው አንድ የጦር አዛዥ ስለ ዘመቻው የጻፈው ማስታወሻ። ሬዲዮ ያኔ ስድስቱንም ከጨረሰች ሳምንት ሆኗታል።

«ስጪኝ ባክሽ፣ እኔ ልጨርስልሽ» አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም ጽፋ መጣች። ስለ ንቦቹ የጻፈችው ልብ የሚሰቅል ነበር፤ «ንቦቹ በንግሥታቸው ላይ የሚያምፁበትን ምዕራፍ ሳትጨርሱ እንዳትተኙ!» ይላል። ነቁጥ አንብባ «ጎበዝ!» አለችና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ወረቀቱ በመጪው ማክሰኞ አባቷ ጋ ሊታተም ነበር።

የደብዳቤዎቹ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት የመጣው ሬዲዮ ስትመልሰው ሽፋኑ ላልቶ ስለተገኘ ነው። ግቢው ውስጥ ደረጃው ሲቀዘቅዛት መጽሐፉ ላይ ስትቀመጥ ነቁጥ አይታለች። ያኔ አስቋት ነበር።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ በእረፍት ሰዓት ሬዲዮ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሰባተኛ ክፍሎች ከበዋታል።

«ሰውዬው ሮም ቁጭ ብሎ ይጽፋል» አለች ሬዲዮ እጇን እያወናጨፈች። «ጓደኛው ደግሞ መርከብ ላይ ነው። ደብዳቤው ሲደርሰው ማዕበሉ ተነሥቷል። ምሰሶው ቀጨ አለ! ጓደኛው ደብዳቤውን ደረቱ ውስጥ ከተተና ዘለለ። ከዚያስ? ባሕሩ ሰውየውን ወሰደው፣ ደብዳቤውን ግን መለሰው። ሳይነበብ ተመለሰ። በቃ፣ እኔ እዚያ ጋ ስደርስ አልቻልኩም።»

አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ አፏን ከፍታ ቀርታለች። «እኔ ልዋሰው! ስሙ ማን ነው? ዛሬ ልዋሰው!»

«እሷን ጠይቂ» አለች ሬዲዮ ወደ ነቁጥ እያመለከተች። «አባቷ ጋ ነው ያለው።»

ልጅቷ ወደ ነቁጥ ዞረች። ነቁጥ «ገና አልተጠረዘም» አለች። መጽሐፉ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አባቷ ሽፋኑን አጥብቆ ጠዋት መልሶላታል፤ «የገጾቹን ጠርዝ ግን እኔ አልቆርጠውም፤ የሚያነበው ሰው ነው መክፈት ያለበት» ብሎ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ እንደ ወትሯቸው አብረው ሄዱ። መንገዳቸው ላይ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተዘግቶ ስለነበር ደጃፉ ላይ ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮ ስለ ስፖርት መምህሩ አዲስ ጫማ እያወራች ነበር። ነቁጥ መጽሐፉን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«እስቲ ገጽ ሃያን አውጪልኝ።»

ሬዲዮ ሳቀች። «ፈተና ነው እንዴ?»

«አውጪልኝ ብቻ።»

ሬዲዮ ገለጠች። ጣቷ ድፍኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ፊት ሞከረች፣ ወደ ኋላ ሞከረች። ከዚያ መጽሐፉን ከደነችውና እጆቿን እላዩ ላይ አኖረች። መንገዱ ላይ ሁለት መኪኖች አለፉ። ነቁጥ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃታለች፤ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ስትል ግን አይታት አታውቅም።

«አባትሽ አወቀ?» አለች በመጨረሻ።

«መጽሐፉ እንዳልተነበበ ያውቃል። አንቺ ሁለቴ አንብቤዋለሁ እንዳልሽ አያውቅም።»

ሬዲዮ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታና ታስር ጀመር። «ለማንበብ እኮ ሞክሬያለሁ። እውነቴን ነው። አሥራ ስድስት ገጽ አነበብኩ። ከዚያ ተጣበቀብኝ። በጣቴ ልለያየው ስል ቀደድኩት፤ ይኸው እይው። ደነገጥኩ። መጽሐፉን ያበላሸሁት መሰለኝ። ልነግራቸው ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ጸጥታ ገና ሳይከፍቱት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹ጨረስሽ? እንዴት ያለች አንባቢ ናት!› አሉ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ምን ልበል? አዎ አልኩ።»

«ሌሎቹስ?»

«ተረቶቹን አንብቤያለሁ። የሚያስቀውን ተውኔትም እስከ መጨረሻው።»

«ሌሎቹን ነው ያልኩሽ።»

«ሁለት ሦስት ገጽ አነብና ከዚያ ራሴ እቀጥላለሁ። ምን ላድርግ ነቁጥ? አንድ ሰው ሊናገር ሲነሣ መጀመሪያ አባቱ ይጠራል፣ ከዚያ አያቱ፣ ከዚያ የተወለደበት ወንዝ! ንግግሩ ሲደርስ እኔ ተኝቻለሁ።»

ነቁጥ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው በመሳቋ ተናደደች።

«የእኔን ሁለቱንስ?»

«እነሱን አልገለጥኳቸውም።»

«የንቦቹ አመፅስ?»

«ከራሴ ነው።» ሬዲዮ ቀና አለች። «አሪፍ አልነበረም?»

አሪፍ ነበር። ነቁጥን ያበሳጫት ይሄ ነው።

«እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሬዲዮ። «ማንም አያነባቸውም እኮ። ማን ሊያውቅ? ወረቀቱ ይታተም፣ ይታደል፣ ያልቃል።»

«ያቺ መነጽር ያደረገችው ልጅ ልትዋሰው ነው።»

«እሷ ፋራ ናት።»

«አይደለችም። አንቺን አምናሽ ነው።»

የሬዲዮ ፊት ቀላ። «እኔ ብቻ ነኝ ውሸታም? በአንድ ማታ ሁለት መጽሐፍ ጨርሼ ስሰጥሽ ምን አልሽኝ? ‹ጎበዝ› ነው ያልሽኝ። መቼ እንዳነበብኩት አልጠየቅሽም። ምክንያቱም ማወቅ አልፈለግሽም።»

ነቁጥ መጽሐፉን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያን ቀን ደህና ዋይ ሳይባባሉ ተለያዩ።

አርብ ሙሉውን ቀን ክፍል ውስጥ ተኮራርፈው ዋሉ። ነቁጥ ጥርት ያለ ንዴት ቢኖራት ይሻላት ነበር። ግን በተናደደች ቁጥር ያቺ «ጎበዝ» ያለቻት ቃል ትመጣባታለች። ለጋሽ ጸጥታ ልትነግራቸው አስባ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ሄደች። በመስታወቱ ሲታዩ መደርደሪያውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር፤ የግሪክና የሮሙን፣ ያንኑ። ተመለሰች። ዝም ማለትም ይቻላል። ማክሰኞ ሩቅ አይደለም። ግን የራሷ ስም ከታች ይታተማል። ከንቦቹ ንግሥት ጎን ስሟን ስታስበው ጆሮዋ ጋለ።

ከትምህርት ሲለቀቁ ሬዲዮ በሩ ጋ ስታልፍ፣ ነቁጥ ሳትቆም «ነገ ጠዋት አባዬ ጋ ነኝ። መጽሐፉን ልከፍተው ነው» አለቻት። ሬዲዮ ያልሰማች መሰለች።

ቅዳሜ አባቷ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወረቀቱን ሰብስቦ ቦታ ሰጣት። ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ከእንጨት የተሠራ፣ ስለቱ ደነዝ ያለ የወረቀት ቢላዋ አወጣ። «የብረት ቢላዋ ይቸኩላል፤ ወረቀቱን ይበላዋል። በዚህ ቀስ ብለሽ እጥፋቱ ላይ ግፊው። ወደ ራስሽ ሳይሆን ወደ ውጭ።» ለምን እንደምትከፍተው አልጠየቃትም።

የመጀመሪያው እጥፋት ሲከፈት ሽው የሚል ድምፅ አሰማ። ከጠርዙ ላይ ቀጭን የወረቀት ብናኝ ረገፈ። ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል በሩ ተንኳኳ። ሬዲዮ ናት፤ አንድ ፌስታል ዳቦ ይዛለች።

«እናቴ ናት ያስያዘችኝ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ ለነቁጥ አባት ሰላምታ ሰጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነቁጥ ስትቆርጥ ተመለከተችና፣ «አንቺ ክፈቺ፣ እኔ ላንብብ» አለች።

እንዲህ ሆነ። ነቁጥ ትቆርጣለች፣ ሬዲዮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፣ ሲደክማት ይቀያየራሉ። ሬዲዮ መጀመሪያ ላይ ማዕበሉን ትጠብቅ ነበር። ማዕበል የለም። መርከብም የለም። ሰውዬው ጓደኛውን ለምን እንዳልጻፈለት ይወቅሰዋል። ከዚያ ጉንፋን እንደያዘው ይናገራል። ከዚያ ደግሞ ጎረቤቱ ቤት ሲያሠራ የሚወጣው የመዶሻ ድምፅ ሐሳቡን እንደበጠበጠው አንድ ሙሉ ደብዳቤ ያማርራል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሬዲዮ መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ እኮ አጎቴ ነው! ቁርጥ አጎቴ! ‹ለምን አትደውሉልኝም› ይልና ስንደውል ስለ ጉንፋኑ ነው የሚያወራው።»

ማሽኒስቱ ከወዲያኛው ክፍል ሳቃቸውን ሰምቶ ብቅ አለ። የመዶሻውን ደብዳቤ ደግመው አነበቡለት። እሱም የሚሠራበትን ማሽን ጩኸት በእጁ እያሳየ «ይሄንን ቢሰማ ኖሮ ምን ሊል ነበር?» አላቸው። አባቷ ኮላ የነካው ጣቱን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ሁሉም ደብዳቤ እንደዚያ አልነበረም። አንዳንዱ ስለ መሬት ክርክርና ስለ ሹመት ነው፤ ከነአባት ከነአያቱ ስም የሚጠራ ሰው መዓት ነው። እዚያ ላይ ሬዲዮ አዛጋች፣ ነቁጥም አዛጋች። አንዱ ደብዳቤ ግን ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ሰውዬው የሚወዳት አሮጊት ሞግዚቱ ታማለች። ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ምን እንደበላች፣ ትላንት በመስኮት እንዴት እንዳየችው ይጽፋል። ቀጥሎ ባለው ደብዳቤ ላይ ስለ ወይን መከር ይጽፋል፤ ስለ እሷ አንድም ቃል የለም። በቀጣዩም የለም።

«ሞታ ይሆን?» አለች ሬዲዮ ቀስ ብላ።

«አይናገርም።»

«እንዴት አይናገርም? እኔ ብሆን...» ሬዲዮ አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ገጹን ወደ ኋላ መልሳ ደብዳቤውን እንደገና፣ ይህን ጊዜ ድምፅ ሳታሰማ አነበበችው።

እሑድ ከሰዓት ጨረሱት። ሬዲዮ አላለቀሰችም።

ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሬዲዮ ቆመች። «አንቺ ቅደሚ።»

«አብረን ነው የምንገባው» አለች ነቁጥ።

«ምን እንበላቸው?»

«እኔ የራሴን እናገራለሁ። አንቺ እንደ ፈለግሽ።» ነቁጥ ይህን ያለችው ለማስፈራራት አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው የደረሰችበት ይሄ ብቻ ነው፤ የሰው አፍ የራሱ ነው።

ጋሽ ጸጥታ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። ነቁጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ ከስድስቱ ሁለቱን አላነበብኳቸውም። የንቦቹንና የጦር አዛዡን። እዚህ የተጻፈው ትክክል አይደለም። ንቦቹ ያምፁ አያምፁ አላውቅም።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። ከዚያ ወደ ሬዲዮ ዞሩ። ሬዲዮ መሬት መሬት እያየች ነበር።

«እነሱን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ከራሴ። ከእኔም ስድስት ያነበብኩት ሁለት ነው። አሁን ሦስት ሆነ። የደብዳቤዎቹን ቅዳሜና እሑድ ከነቁጥ ጋር አነበብን። ያኔ ‹ጨረስሽ?› ሲሉኝ አልጨረስኩም ነበር።»

ጋሽ ጸጥታ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ ይህ ግን ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። ፊታቸው ላይ ቅሬታ ነበር፤ ነቁጥ አየችው፤ ልቧም ተነካ።

«ለርዕሰ መምህርቷ አሥራ ሁለት ነው ብያቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ሰባት ነው፣ ጋሼ» አለች ነቁጥ።

«ሰባት።» ወረቀቱን አንሥተው ዘጠነኛውን ተራ ቁጥር አነበቡ። «እሺ፤ የዚህ ሰውዬ ጓደኛስ ባሕር ውስጥ ይሞታል?»

«አይሞትም» አለች ሬዲዮ። «እንዲያውም ሰውዬው ነው ጉንፋን የያዘው። ጎረቤቱ ደግሞ በመዶሻ ድምፅ አላስጽፍ ብሎታል። አንድ ሙሉ ደብዳቤ ስለ ጩኸት ነው፤ ጸጥታ አጣሁ እያለ...»

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ጋሽ ጸጥታ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ እንባቸው ብቻ ይመጣል። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት።

«ይሄንን እንደነገርሽኝ አድርገሽ ጻፊው» አሉ። «ባዶውን ቦታ ግን ምን ልታደርጉት ነው?»

ነቁጥ ያልተነበቡትን አምስት መጻሕፍት ከዝርዝሩ እንሰርዛቸው ልትል ነበር። ሬዲዮ ቀደመቻት። «ርዕሳቸው ይኑር። ከሥሩ ‹እኛም ገና አላነበብነውም› እንበል። በቃ፣ እውነቱ እሱ ነው።»

ማክሰኞ ማሽኒስቱ የመጀመሪያውን ቅጂ ከማሽኑ አውጥቶ ለነቁጥ አሳያት። ወረቀቱ ሁለት ቦታ ታጥፎ ስድስት ገጽ ሆኗል፤ በየገጹ ሁለት ሁለት መጽሐፍ። «ይሄ ባዶ ባዶው ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ?»

«ሆን ተብሎ ነው» አለች ነቁጥ። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ማሽኑን ለቀቀው።

ትምህርት ለእረፍት በሚዘጋበት አርብ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወረቀቱ ታደለ። ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ይዛ ስለ ሰባቱ መጻሕፍት ተናገረች። ስለ ጉንፋኑና ስለ መዶሻው ስታወራ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የባሕረኛው ጋ ስትደርስ «ይሄንን ያነበበችው ነቁጥ ናት፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ ሰውዬው እራሱ ከዚያ ቶሎ የደረሰ ነው የመሰለኝ» ብላ ነቁጥን በሁሉም ፊት አሳፈረቻት፤ ነቁጥም መቀመጫዋ ላይ ሆና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ጥያቄ ያለው ሲባል ከኋላ አንድ ስምንተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «የንቦቹ ግጥም ላይ ‹ገና አላነበብነውም› ብቻ ነው የጻፋችሁት። ስለ ምንድን ነው? አሪፍ ነው?»

ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ነቁጥ ታውቃታለች፤ ዓይኖቿ ውስጥ ንግሥቲቱ ስትነሣ፣ ንቦቹ ሲሰለፉ አየቻቸው። አዳራሹ በጉጉት ጸጥ ብሏል። ጋሽ ጸጥታ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«አላውቅም» አለች ሬዲዮ። «ገና አላነበብኩትም።»

ከኋላ የሆነ ሰው «ሼም ነው!» ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ተከተሉት። ሬዲዮ ማይክሮፎኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ የሚቀጥለው ቃል የጠፋት ትመስላለች።

ነቁጥ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወደ መድረኩ ሁለት ደረጃ ወጥታ ከጓደኛዋ ጎን ቆመችና ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«እኔም አላነበብኩትም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ሰኞ እንጀምረዋለን፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን።» ወደ በሩ አየች፤ ጋሽ ጸጥታ ጥቂት አመነቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መምጣት የሚፈልግ ይምጣ።»

ሳቁ ቆመ። ልጁ እጁን ገና አላወረደም ነበር።

«ስንት ሰዓት?» አለ።

ነቁጥ እዚያ ድረስ አላሰበችውም። ሬዲዮን አየቻት፤ ሬዲዮ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ሦስት ሰዓት» አለች ነቁጥ።